የማህፀን ካንሰር፦ ቀዶ ጥገናው አልቆ ቀጣዩ ሕክምና እስኪወሰን እንዴት ነው የሚጠበቀው?

ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬ ሃምሳን ተሻግሯል። የምኖረው አዲስ አበባ ነው፣ አስተማሪ ነኝ። የወር አበባዬ ከቆመ ከዓመታት በኋላ ደም አየሁና ሐኪም ቤት ሄድኩ። ከማህፀኔ ውስጥ ናሙና ተወሰደ፣ ካንሰር ነው ተባለ። ከዚያ ማህፀኔ፣ ሁለቱ ቱቦዎችና እንቁላል ማምረቻዎቹ በቀዶ ጥገና ወጡ። ቁስሌ እየዳነ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

አሁን የምጠብቀው የፓቶሎጂውን ውጤት ነው፣ ማለትም የወጣው አካል በላቦራቶሪ ተመርምሮ የሚባለውን። እሱ ሲመጣ ሐኪሞቹ ተሰብስበው ጨረር ልውሰድ፣ ኬሞ ልጀምር ወይስ ቀዶ ጥገናው ይብቃኝ የሚለውን ይወስናሉ። ሄጄ ስጠይቅ ገና ነው እባላለሁ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል። ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ዓረፍተ ነገሩ መሐል ላይ ይጠፋኛል። ሰው ጤናሽ እንዴት ነው ሲለኝ ምን እንደምመልስ አላውቅም። ታማሚ ነኝ? ድኛለሁ? በሽታው የተነገረኝ ቀን አልቅሼ ወጥቶልኛል። ላልመጣ ዜና ግን እንዴት ተብሎ ይለቀሳል?

በዚህ መንገድ ያለፋችሁ፣ ቀኑን እንዴት ገፋችሁት? አይዞሽ፣ ምንም አይደለም የሚለውን ቤቴ ውስጥ በፍቅር እየሰማሁት ነው። ከዚያ ያለፈ ነገር ካላችሁ ንገሩኝ።

*

ክሩ ስለረዘመና አዲስ የሚገቡ ሰዎች ስለበዙ፣ እስካሁን የመጡትን መልሶች በቁጥራቸው እየጠራሁ በራሴ አነጋገር ላሰባስባቸው።

መልስ 1 ከአዳማ ነው። በጸሎቷ እንድታስበኝ የክርስትና ስሜን ጠየቀችኝ። በውስጥ መስመር ላክሁላት። ከዚያ በኋላ በየጥቂት ቀኑ ብቅ እያለች እንዴት አደርሽ ትለኛለች፣ ስለ በሽታው ግን አንድም ጥያቄ አትጠይቅም። ይህ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ያልታመመ ሰው የሚያውቀው አይመስለኝም።

መልስ 2 የጻፈች እናት ይህ በሽታ በቫይረስ እንደሚመጣ ሰምታ ነበር። ሴት ልጅ ካለችኝ ሳይረፍድ እንዳስከትባት መከረችኝ። ከባሎቻችን ነው የሚመጣብን የሚል ነገርም ጨመረች።

መልስ 3 አዋላጅ ነርስ ነች፣ ከባሕር ዳር። መልስ 2ን በአክብሮት ግን በጥብቅ አረመች። በቫይረስ የሚመጣው የማህፀን በር ካንሰር ነው። በአገራችን ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው ክትባትም ለእሱ ነው። በየጤና ጣቢያው በአሴቲክ አሲድ የሚደረገው ምርመራም የማህፀን በርን እንጂ የማህፀንን ውስጥ አያሳይም። የእኔው የሚነሳው ከማህፀን የውስጥ ግድግዳ ነው። መንስኤው በአብዛኛው ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ያለ ተቆጣጣሪ መብዛቱ ነው። ውፍረት፣ ስኳር፣ አለመውለድ፣ የወር አበባ ዘግይቶ መቆም፣ ለጡት ካንሰር የሚሰጠው ታሞክሲፈን፣ እነዚህ ዕድሉን ይጨምራሉ። አንዳቸውም የሌሉባት ሴትም ትያዛለች።

ይህን የጻፈችው ለእውቀት ብቻ አይደለም። ሁለቱ በሽታዎች ስለሚምታቱ ትዳር ሲታመስ አይታለች። ሚስት ባሏን ትጠረጥራለች፣ ባል ሚስቱን። ውጤት እየጠበቀች ያለች ሴት ላይ ይህ ሲጨመር ሌላ በሽታ ነው። እኔም እዚህ ላይ ልናገር፦ ጎረቤቶቼ ባለቤቴን የሚያዩበት ዓይን እንደተለወጠ ይሰማኝ ነበር። መልስ 3ን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። እሱም ዝም ብሎ ሰማ፣ ከዚያ ደግሜ እንዳነበው ጠየቀኝ።

መልስ 4 እንደገና ያችው የመልስ 2 ጸሐፊ ነች። ሰው ፊት መታረሟ ትንሽ ከንክኗታል። ስለ ሴት ልጅ ያለችው ነገር ግን ትክክል ነበር፣ ክትባቱ ልጃገረዶችን ከማህፀን በር ካንሰር ይጠብቃል። መልስ 3ም ይህንኑ አረጋግጣላት በሰላም ተለያዩ።

መልስ 5 በክሩ ውስጥ ረጅሙ ነው። የጻፈው በማህፀንና ጽንስ ሕክምና የሚሠራ ሐኪም ነው። ስለ እኔ ጉዳይ ካርዴን ሳያይ ምንም እንደማይል አስቀድሞ ተናገረ፣ ይህን ወደድኩለት። ከዚያ ግን ማንም ያልነገረኝን ነገረኝ፦ እየተጠበቀ ያለው ምን እንደሆነ።

የማህፀን ካንሰር ስቴጅ፣ ማለትም የት ድረስ እንደተስፋፋ፣ በቁርጥ የሚታወቀው ከቀዶ ጥገናው በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በአልትራሳውንድም በኤምአርአይም የሚባለው ግምት ነው። የወጣው አካል ፎርማሊን ውስጥ ይቆያል፣ ይቆራረጣል፣ በሰም ውስጥ ይቀመጣል፣ በስሱ ተልጦ ይቀለማል፣ ከዚያ ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። የሚፈልገው የተለያየ ነገር ነው። የካንሰሩ ዓይነት ምንድን ነው? ግሬዱ፣ ማለትም ሴሎቹ ከጤናማዎቹ ምን ያህል እንደተለወጡ፣ ስንት ነው? በማህፀን ጡንቻ ውስጥ ከግማሽ በታች ነው የገባው ወይስ ከግማሽ አልፏል? ወደ ማህፀን በር ወርዷል? ቱቦዎቹና እንቁላል ማምረቻዎቹ ንጹሕ ናቸው? የሊምፍ ዕጢዎች ተወስደው ከሆነ ካንሰሩ በእነሱ ውስጥ ይታያል? በጥቃቅን የደምና የሊምፍ ቧንቧዎች ውስጥስ?

መልሱ ሕክምናውን ይለያየዋል። በማህፀን ውስጥ የተወሰነ፣ ግሬዱ ዝቅ ያለ፣ ጡንቻውን እምብዛም ያልነካ ከሆነ ብዙ ጊዜ ቀዶ ጥገናው ብቻ ይበቃል። በጥልቀት የገባ ወይም ግሬዱ ከፍ ያለ ከሆነ ጨረር ይታሰባል። ጨረሩ ከውጭ ብቻ የሚሰጥ አይደለም፣ በብልት በኩል ከውስጥ ለአጭር ጊዜ የሚሰጥም አለ። ወደ ሊምፍ ዕጢዎች ወይም ከማህፀን ውጭ ከተሻገረ ኬሞ ይመጣል። የተለመዱት መድኃኒቶች ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሰል ናቸው። ሐኪሙ አንድ ነገር አስምሮበታል። ውጤቱ ዛሬ ቢደርስ እንኳ ጨረሩ ነገ አይጀመርም፣ ውስጡ የተሰፋው ቦታ እስኪድን ሳምንታት ይጠበቃል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ የጥበቃ ሳምንታት የባከኑ አይደሉም።

ለእኔ ትልቁ እፎይታ ይህ ነበር። እስከዚያች ቀን ድረስ የምጠብቀው አንድ ትልቅ ጥቁር ነገር ነበር። ከዚያ በኋላ የምጠብቀው ዝርዝር ሆነ። ፍርሃቱ አልሄደም፣ ግን የሚያዝ ነገር አገኘሁ።

መልስ 6 ስቴጅሽ ስንት ነው ብቻ ይላል። ከመልስ 5 ሥር።

መልስ 7 ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እዚያ ከ2021 ጀምሮ ሕጉ ውጤት ሳይዘገይ ለታማሚው እንዲደርስ ያዛል። የሷ ፓቶሎጂ ሐኪሟ ሳትደውልላት በፊት ስልኳ ላይ ገባ። ዓርብ ማታ ነበር። ቃላቱን አንድ በአንድ ስትፈልግ አደረች፣ ሰኞ ሐኪሟ ስታስረዳት ግማሹን በተሳሳተ መንገድ እንደተረዳችው አወቀች። ቶሎ ማወቅ ጭንቀትን ያጠፋል ብላ ታስብ እንደነበር፣ አሁን ግን የሚያስረዳ ሰው አጠገብ ከሌለ ውጤት ብቻውን ምንም እንዳልሆነ ጻፈች። ምክሯ፦ ውጤቱን የምትሰሚበት ቀን አንድ የሚረጋጋ ሰው ይዘሽ ሂጂ፣ እሱ ይጻፍ፣ አንቺ ስሚ።

መልስ 8 አሽዶድ፣ እስራኤል የምትሠራ ነርስ ነች። መዘግየት ሁልጊዜ መጥፎ ምልክት እንዳልሆነ ልታስረዳኝ ፈለገች። ላቦራቶሪው ለጥንቃቄ ሁለተኛ ፓቶሎጂስት ሊያሳይ ይችላል። አሁን አሁን ደግሞ በብዙ አገሮች የካንሰሩን ዘረመላዊ ጠባይ የሚለዩ ተጨማሪ ምርመራዎች ይደረጋሉ፣ ፒ53 የሚባለው አንዱ ነው። በ2023 የታደሰው ዓለም አቀፍ የስቴጅ አወሳሰንም እነዚህን ማስገባት ጀምሯል። ከዚያ ጠየቀችኝ፦ በቤተሰቤ በወጣትነቱ የአንጀት ካንሰር የያዘው ሰው አለ ወይ? ሊንች የሚባል በዘር የሚተላለፍ ችግር የሁለቱንም ካንሰሮች ዕድል ይጨምራል፣ ካለ እህቶቼና ልጆቼም ማወቅ አለባቸው።

መልካም አስባ ነው የጻፈችው። ትክክልም ነች፣ ለሐኪሜ የማነሳው ጥያቄ ነው። ያን ሌሊት ግን አልተኛሁም። አጎቴ በምን እንደሞተ በቤታችን ተነግሮ አያውቅም፣ የሆድ ሕመም ብቻ ነው የሚባለው። ለእናቴ ደውዬ ስጠይቃት ለምን አሁን ትዝ አለሽ አለችኝ።

ከመልስ 9 እስከ 11 ወደ ወጥ ቤት ገባን። ጥቁር አዝሙድ በማር፣ የሽፈራው ቅጠል፣ ስኳር እርም ማለት። አንዲት እህት ሥጋ ሙሉ በሙሉ እንድተው ስትመክር ሌላው ደም እንድተካ ጉበት እንድበላ አዘዘኝ። መልስ 5 ያለው ሐኪም አጭር ማስታወሻ አስገባ፦ የሚበላ ሰው ቶሎ ያገግማል፣ የባህል መድኃኒት የሚወስድ ካለ ግን ኬሞ ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ ይንገር፣ አንዳንዱ ከመድኃኒቱ ጋር ይጋጫልና።

መልስ 12 ላይ አየሩ ተለወጠ። የጻፈው ሰው የሐኪም ቤቱን ደጅ መጥናቴን ትቼ ጠበል እንድገባ፣ መጠበቁ ራሱ የእምነት ማነስ እንደሆነ ነገረኝ። መልስ 13 እንደ እሳት ነደደ። እህቷ ይህንኑ ምክር ሰምታ ቀጠሮዋን ትታ እንደሄደች፣ ስትመለስ ሐኪሞቹ ሊያደርጉላት የሚችሉት ነገር እንዳለቀ ጻፈች። መልስ 12ን በስም ጠርታ የሰው ነፍስ በእጅህ አለ አለችው። ከባድ ቃል ነው። የአወያዩን ማሳሰቢያ አየሁ፣ ቢሆንም እንዳይጠፋ ለመንኩ። ያ ቁጣ የሐዘን ቁጣ ነው፣ ማንበብ ያለባቸው ሰዎች አሉ።

መልስ 14 ዲያቆን ነው። ለሁለቱም በትሕትና መለሰ። መድኃኒትን የፈጠረ እግዚአብሔር እንደሆነ መጽሐፈ ሲራክ እንደሚያስተምር፣ ሐኪምንም አክብር እንደሚል አስታወሰ። ጠበል የሚጠጣ ሰው ቀጠሮውን እንዲተው ቤተ ክርስቲያን እንደማታዝ፣ ታማሚም ከጾም በንስሐ አባቱ ፈቃድ እንደሚያርፍ አስረዳ። እኔ ጠበሌን ጠዋት እጠጣለሁ፣ ቀጠሮዬንም አላጎድልም። ለምን አንዱን መርጬ ሌላውን መካድ እንዳለብኝ አይገባኝም።

መልስ 15 ልቤን ነካው። ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ነች። እናቷ ደሴ ናቸው፣ የእኔው በሽታ ነው ያለባቸው። ገንዘቡን የምትልከው እሷ ነች፣ የምትደውለው ግን አሠሪዎቿ ሲተኙ ብቻ ነው። ስትደውል ሁሉም አልሐምዱሊላህ ደህና ናቸው ይሏታል። ኬሞ ይጀመር አይጀመር አታውቅም። ዱዓ እያደረገች ትጠብቃለች፣ ምን እንደምትጠብቅ ግን አታውቅም። ሊጥ አቡክቼ እሳቱን ሌላ ሰው የያዘብኝ ሆነብኝ አለች። ከሥሯ ብዙ ሰው መከራት። የሠራላት ቀላሉ ምክር ነው፦ ታናሽ ወንድሟ በእያንዳንዱ ቀጠሮ የካርዱንና የወረቀቱን ፎቶ በኢሞ ይላክላት። መልስ 3 አዋላጇ ፎቶውን በውስጥ መስመር ተቀብላ ታነብላታለች።

ይህ መደበቅ የሚባለው ነገር ነው ቀጣዩን ክርክር ያመጣው። መልስ 16 የእናቱን ውጤት የደበቀ ልጅ ነው። ሐኪሙ ለእሱ ነገረው፣ እሱ ለእናቱ ኢንፌክሽን ነው አላቸው። ጨረር እየወሰዱ እንኳ አልነገራቸውም። ወረፋ ላይ አጠገባቸው የተቀመጠች ሴት ናት የነገረቻቸው። አሁን እናቱ አያኮርፉትም፣ አይቆጡትምም። የሚሉትን ግን አያምኑትም፣ ሻይ ጠጡ ቢላቸው እንኳ ምን ጨመርክበት ይሉታል። ምን ላድርግ ብሎ ጠየቀ።

መልስ 17 ነርስ ነች፣ አላዘነችለትም። የታመሙት እናቱ ናቸው፣ ገላው የእሳቸው ነው፣ ውሳኔውም የእሳቸው ነበር አለች። መልስ 18 በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው፣ ደብረ ማርቆስ አካባቢ። በእኛ ባህል ክፉ ወሬ ሰዓትና ሰው እንዳለው፣ መርዶ እንኳ ማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ እንደሚነገር፣ ልጁ ያደረገው ከፍቅር እንደሆነ ጻፉ። መልስ 17 ተመልሳ መርዶ ለሞተ ሰው ነው፣ የዚህ ልጅ እናት በሕይወት አሉ አለቻቸው። ብዙ ሰው ድፍረት ነው ብሎ ተቆጣት። መልስ 19 አባትን አንቱ በይ ስላለቻት ብቻ ሌላ ጠብ ተነሳ፣ እሱን አልፈዋለሁ።

እኔ ከመልስ 17 ጋር ነኝ፣ ለአባታችን ካለኝ አክብሮት ጋር። ባህሉ እውነቱን ደብቁ አላለም። ተዘጋጅታችሁ፣ ብቻውን ሳትተዉት ንገሩት ነው ያለው። ያንን ብንከተል መልካም ነበር። ባለማወቅ የሚጠብቅ ሰው ፍርሃቱ አያንስም፣ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ዓይኑን ሲሸሽበት ያያል። ልጁም በመልስ 20 ተመልሶ እናቱን ይዞ ወደ ሐኪሙ እንደሄደ፣ እሱ ዝም ብሎ እሳቸው እንደጠየቁ ጻፈ። ለሻይዋ ጉዳይ ግን ጊዜ ያስፈልጋል።

መልስ 21 ለጥያቄዬ በቀጥታ የመለሰች የሐዋሳ ሴት ነች። እንደ እኔ ጠብቃለች፣ ጨረሩንም ጨርሳለች። የናሙናዬን ቁጥር ደብተሬ ላይ እንድጽፍና ስሄድ ገና ነው ወይ ብዬ ብቻ እንዳልመለስ አስተማረችኝ። ቁጥሩን ይዤ የት ደረሰ፣ ማን ጋር ነው፣ መቼ ልመለስ፣ ማንን ልጠይቅ ብዬ ልጠይቅ። ሌሎቹን ቀናት ደግሞ አልሂድ። በየቀኑ መሄድ ውጤት አያፋጥንም፣ ሰው ይጨርሳል። ጭንቀቱን ከእራት በኋላ ከባሏ ጋር እንደምታወራው፣ ሌሊት ግን ስልኳን ሳሎን ትታ እንደምትተኛ ጻፈች። ሥራዋንም አልተወችም። ሞከርኩት። የስልኩ ነገር ሠርቶልኛል። ጭንቀትን ለሰዓቱ ማቆየት ግን አልሆነልኝም፣ ሰሌዳው ፊት ስቆም ራሱ ይመጣል። አሁን ሲመጣ ለተማሪዎቹ የንባብ ሥራ እሰጥና እቀመጣለሁ።

መልስ 22 ባል ነው። ክሩ ላይ የታማሚ ባል ሲጽፍ እሱ የመጀመሪያው ነው። ሚስቱ እየጠበቀች ነው፣ እሱ ደግሞ ከእሷ ጋር መጠበቅ አይችልበትም። ቤት ያድሳል፣ ቧንቧ ይጠግናል፣ ብድር ይጠይቃል። አንድ ቀን ተቀመጥ አለችው፣ ተቀመጠ፣ ምንም አላወሩም። የጠየቀችው ያንን ብቻ እንደነበር ገባው። ባለቤቴ ይህን አንብቦ ምንም አላለኝም፣ ማታ ግን ቴሌቪዥኑን ዘጋው።

ከዚያ ወሬው ወደ ጠያቂዎች ሄደ። ዕድርተኛው በሙሉ ቤት ሲመጣ ለታመመች ሴት ቡና የሚያፈላው ማነው የሚል ነገር ተነሳ፣ ሰው ሁሉ የሚለው ነበረው። መልስ 23 ጠያቂ እንጀራና ወጡን ይዞ ይምጣ፣ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ይሂድ አለች። ሁሉም ተስማማ። በክሩ ውስጥ ሁሉም የተስማማበት ብቸኛው ነገር ይህ ነው።

ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ። የመልስ 5ን ዝርዝር ወደ ጥያቄ ለውጬ ጽፌያለሁ፣ የአንጀቱንም ጉዳይ ጨምሬበታለሁ። እህቴ አብራኝ ትሄዳለች፣ የምትጽፈው እሷ ናት።

መልስ 24 ገና አሁን ነው የገባው፣ እስካሁን ማንም አልመለሰለትም። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። አሁን ጅማም ተጀምሯል። ይህች እህት እናቷ ወደ ጅማ ሪፈር ተጽፎላቸዋል፣ እዚያ ዘመድ የላቸውም። ለሳምንታት የት እንደሚያርፉ፣ ከሆስፒታሉ ቅርብ የሆነ በተመጣጣኝ ዋጋ የሚከራይ ክፍል የሚያውቅ እንዳለ ትጠይቃለች። ጅማ ያላችሁ፣ ወይም እዚያ ታክማችሁ የተመለሳችሁ፣ እባካችሁ ጻፉላት። ሰኞ ነው የሚነሱት።